ምክር ቤቱን በብዕር የቆረቆሩት መድፈኛ

ድሬዳዋ በገባሁ ቁጥር ከዘመድ ቤት በፊት እግሬ የሚወስደኝ ቀፊራ ነው። የምገዛው ነገር የለኝም። በዚያ ቅስት ባለው በር ገብቼ ከደጋው የወረደውን ድንችና ሽንኩርት፣ ከቆላው የመጣውን ወተት፣ በጆንያ አፍ ላይ የተከመረውን ቅመም እያየሁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚደባልቁትን ነጋዴዎች እየሰማሁ አንድ ሰዓት ያህል እዞራለሁ። ከዚያ ሙቀቱ ሲያሸንፈኝ ጥላ ፈልጌ ሻይ አዛለሁ። ይህ ጽሑፍ የተፀነሰው እዚያ ሻይ ላይ ነው።

ከጎኔ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ባለ ሻዩ የከፈተው ሬዲዮ ስለ ምክር ቤት ስብሰባ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ከዜናው ተነስተው ወደ ሌላ ክርክር ገቡ። ለመሆኑ ለዚህ አገር ምክር ቤት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማነው? አንደኛው ጃንሆይ ናቸው አሉ። ሁለተኛው እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ትተውልን የሄዱት ነው ብለው ሙግት ያዙ። ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሼመንደፈር የሠሩ ሰው፣ ብዙ አልተናገሩም። ዱላቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጨርጨር ተራሮች ዘርግተው፣ ያንን ሕግ የጻፉት ሰው ኑሯቸው እዚያ ሂርና እንደነበረና ከሁሉም በፊት ወታደር እንደነበሩ ተናገሩ። ስማቸውን ግን አልጠሩም፤ ምናልባት የሚያውቅ ያውቃል ብለው ይሆናል።

እኔ ሕግ ያጠናሁ ሰው ነኝ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ለፈተና ስል 7 ምዕራፍና 55 አንቀጽ ብዬ ሸምድጃለሁ። የጻፉት ሰው ማን ናቸው ብሎ የጠየቀኝ መምህር አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እዚያ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። አፈርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ሰውየው ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። አንባቢን ከስህተት ለማዳን አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እሳቸውን ከአርበኛው ከታከለ ወልደ ሐዋርያት ጋር የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ። ስማቸው መቀራረቡ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር መውጣታቸውን የተቃወሙ ናቸው። ነገር ግን የተለያዩ ሰዎች፣ የተለያየ ዕጣ የገጠማቸው ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሳያደብር ነው። እንደ ዘመኑ ልጅ በቤተ ክህነት ትምህርት ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ታላቅ ወንድማቸው ወሰዷቸውና ሐረር፣ ራስ መኮንን ግቢ ገቡ። ያኔ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ የለም። ዛሬ ቀፊራ የቆመበት መሬት የደቻቱ ዳር ቁጥቋጦ ነበር። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማውም አብሮት ተወለደ። ልጁ ተክለ ሐዋርያት ወደ ሐረር የገቡት ከባቡሩ በፊት፣ የነጋዴና የወታደር መንገድ በእግርና በበቅሎ በሚቆረጥበት ጊዜ ነው።

የራስ መኮንን ግቢ ትምህርት ቤትም ነበር። ሐረር ከግብፆች እጅ ወጥታ ወደ ምኒልክ ግዛት የተጠቃለለችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን፣ ራስ መኮንን ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ሁሉ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ገዥ ነበሩ። ቆንስሉ፣ ሚሲዮናዊው፣ ጠመንጃ ሻጩ፣ ጀብደኛው ሁሉ በሐረር በኩል ያልፋል። ንቁ የሆነ ልጅ በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ያያል።

ያየው ግን በዚያ አላበቃም። በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ ሲታወጅ የራስ መኮንን ጦር ከሐረር ተነስቶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ተክለ ሐዋርያት አብረው ሄዱ። ዕድሜያቸው ገና አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ነው። ዛሬ ይህን ስናነብ ይዘገንነናል፤ በዚያ ዘመን ግን የጌታውን ጠመንጃና ጋሻ የሚሸከም፣ ውኃ የሚቀዳ፣ በቅሎ የሚጠብቅ ልጅ ያልነበረበት ጦር አልነበረም። የራስ መኮንን ጦር በአምባላጌ ግንባር ቀደም ሆኖ ተዋጋ፤ መቀሌ ላይ የጣሊያኑን ምሽግ ከበበ፤ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ጣሊያኖች ያሰለፏቸውን 56 መድፎች በሙሉ አጥተው ሸሹ። ከዚያ ዘመቻ የተመለሰው ልጅ ኋላ የመድፈኛ መኮንን መሆኑ ለእኔ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ሆኖ አይታየኝም፤ እርግጥ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ከዓድዋ ማግስት የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ሰው ኒኮላይ ሌዎንቲየቭ የሚባል ሩሲያዊ ነው። ሌዎንቲየቭ ግማሹ ዲፕሎማት፣ ግማሹ ጀብደኛ ነበር፤ ስለ እሱ ብቻ አንድ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ወደ ሩሲያ ሲመለስ ለትምህርት ይዟቸው ከሄደው መካከል ተክለ ሐዋርያት አንዱ ሆኑ። እዚያ ሞልቻኖቭ በሚባል ኮሎኔል ቤት እንደ ልጅ አደጉ። በሴንት ፒተርስበርግ በሚካኤል የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተምረው መኮንን ሆኑ። ከአሥር ዓመት በላይ ሩሲያ ኖሩ። ልጅነታቸው አልቆ ጉርምስናቸው ያለፈው በዚያ ብርድ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ኋላ ላይ የሚመጣውን ነገር ለመረዳት ይህ ዘመን ቁልፍ ይመስለኛል። በ1896 እና 1897 ዓ.ም. ሩሲያ ከጃፓን ጋር ተዋጋች፤ ተሸነፈችም። ግንቦት 1897 ላይ የሩሲያ መርከቦች ጹሺማ ላይ ሰመጡ። ዓለም ሁሉ ደነገጠ፤ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ በዘመናዊ ጦርነት አንድን የአውሮፓ ኃያል መንግሥት ሲያሸንፍ ዓድዋ የመጀመሪያው፣ ይህ ተከታዩ ነበር። የዓድዋ ልጅ በሩሲያ መድፈኞች መካከል ሆኖ ይህንን ዜና ሲሰማ ምን እንደተሰማው አስቡት። ሽንፈቱ ደግሞ በሩሲያ ውስጥ ሕዝቡን አነሳሳ። ዛር ኒኮላይ በ1898 ዓ.ም. ተገዶ ዱማ የሚባል ምክር ቤት ፈቀደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በተነው። ንጉሥ ከላይ የሰጠው ምክር ቤት በንጉሥ ቃል የሚዘጋ መሆኑን ተክለ ሐዋርያት ባደጉበት አገር የታየ ታሪክ ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሳደጓቸው ራስ መኮንን የሉም። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አርፈዋል። አፄ ምኒልክም በሕመም ላይ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ በአልጋ ወራሽ ጉዳይ ተወጥሯል። በአውሮፓ የሠለጠነ መድፈኛ መኮንን ምን ይሠራ? ተክለ ሐዋርያት እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ስለ እርሻ ተማሩ። ይህ ነገር ይገርመኛል። ወታደሩ ጠመንጃውን አስቀምጦ ወደ ማረሻ ዞረ። ሆኖም እርሻው በመጨረሻ ዕድሜያቸው ከሁሉም ይልቅ የጠቀማቸው ሙያ ሆነ፤ እዚያ ላይ እንመለስበታለን።

ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ባወረደው በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንቅናቄ ውስጥ ተክለ ሐዋርያት ከተራማጆቹ ወገን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሹመታቸው ወደ ምሥራቅ ሆነ። ጅጅጋን ገዙ። ከተማዋ ዛሬ ድረስ የሚታይባት የቀጥታ መንገዶች አቀማመጥ መነሻው የእሳቸው ዘመን ነው። ቀጥሎ ጨርጨር ተሰጣቸው። አሮጌው የጨርጨር ከተማ ቁኒ ነበር፤ እሳቸው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ አዲስ ዋና ከተማ አድርገው ቆረቆሩ። ጨርጨር በዚያ ጊዜ የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መንግሥት ሞዴል ብሎ የያዘው አውራጃ ነበር። አስተዳደርን በደንብ ለመምራት የተሞከረበት፣ ቡናው ደግሞ በባቡሩ በኩል ወደ ውጭ የሚሄድበት አገር ነው። ከእሳቸው በኋላ አውራጃውን የያዙት ሌላው የተማሩ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የኛ ምሥራቅ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው የሚፈተንበት ሜዳ ነበር ማለት ይቻላል።

በመሐል ግን አንድ ሌላ ነገር ሠርተዋል። ቴያትር ጻፉ። ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተሰኘው ሥራቸው በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴያትር ተብሎ ይታወቃል። መነሻው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። አውሬዎች ይናገራሉ፤ ተመልካቹ ግን አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ አይጠፋውም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል፣ በመኳንንቱ ፊት ታየ። መኳንንቱ ራሳቸውን በአውሬ ቆዳ ውስጥ አዩ። የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ጽሑፉን ከለከለ፤ ቴያትር የሚባለውም ነገር እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን፣ ማለትም እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ በአደባባይ ዝም ተባለ። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ጥፋት ያጠፋ ሹም ከሹመቱ ይወርድ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ግን እያስቆጡም ተፈላጊ ሆነው ቀጠሉ። የተማረ ሰው እጥረቱ ይሁን የአልጋ ወራሹ ጥላ፣ ወይም ሁለቱም።

ዘውዱ ከተጫነ በኋላ በጅሮንድ ሆኑ፤ የገንዘብ ሚኒስትርነት ማዕረግ ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆነው ነው ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ የታዘዙት።

የሕግ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ጥቂት ልዘገይ ይፈቀድልኝ። ረቂቁ መሠረት ያደረገው በ1889 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውን የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመን ጃፓናውያንን እንመስል የሚሉት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያው በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው መጽሐፍ ጽፈው ተመልሰዋል። ተክለ ሐዋርያት ግን ጃፓንን ያወቋት ከተሸነፉት መካከል ሆነው ነው። የሩሲያን መድፍ ተምረው የጃፓንን ሕግ ቀዱ። ይህንን ያነበብኩ ቀን ሳቅ ብያለሁ።

ሕገ መንግሥቱ የተፈረመው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። መሳፍንቱና መኳንንቱ ተሰብስበው ሳለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ቆመው ሕጉን በንግግር አብራሩ። ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ናቸው። የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት የሚመረጡ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት ሕግ የሚሆን ነገር የለም። የዘውዱ ውርስ በአንድ ዘር ተወሰነ። ስለ ሕዝቡ መብት የሚናገሩ አንቀጾች አሉ፤ ሁሉም ግን በሕግ ከተፈቀደው ውጪ እያሉ ወደ ኋላ ይጎትታሉ።

ይህን ዛሬ የሚያነብ ወጣት ጠበቃ ይህ ምን ሕገ መንግሥት ነው ብሎ ቢያጣጥለው አልፈርድበትም። እኔም ለፈተና ስሸመድደው የተሰማኝ ይኸው ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አስቡ። ባለ ርስትና ባለ ጉልት፣ ባለ ጦር የሆኑ ራሶችና ደጃዝማቾች ናቸው። የእያንዳንዱ ሥልጣን ከአባቱና ከጠመንጃው የመጣ ነው። ወረቀት ሥልጣን ይሰጣል የሚለው ሐሳብ እንደ ቀልድ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። አንዳንዶቹ በሕጉ ውስጥ የራሳቸው የዘር መብት እንዲጻፍላቸው ፈልገው ነበር፤ አልተጻፈላቸውም። ሥልጣን ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል ተሰበሰበ። መሳፍንቱን በሕግ ገመድ ለማሰር የተጻፈ ሕግ ነው ብል እውነቱን የምናገር ይመስለኛል። ገመዱን የያዘውን እጅ የሚያስር ግን አልተጻፈም።

ይህ የሰውየው ጥፋት ነው ወይስ የዘመኑ? እኔ ወደ ሁለቱም አዘነብላለሁ። ተክለ ሐዋርያት ዱማ ሲበተን የታየበትን አገር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ንጉሥ የሰጠው ምክር ቤት ምን ያህል እንደሚያድር አይጠፋቸውም። ሆኖም የሚጻፈው ሁሉ የሚጸድቀው በአንድ ሰው እጅ ነው። ጽፎ አለማለፍና ጥቂት ጽፎ በር መክፈት ከሚሉት መካከል ሁለተኛውን የመረጡ ይመስላል። በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምክር ቤት ተከፈተ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በ1949 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ አባላትን በድምፁ መረጠ። በዚያ ምርጫ ከገቡት መካከል የጥቁር አንበሳ አርበኛዋ ስንዱ ገብሩ ይገኙበታል። ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ የተጻፈችው ሐረግ እውን ለመሆን የወሰደችው ጊዜ ይህን ያህል ነው።

ሕጉ ከተፈረመ በኋላ ግን ጸሐፊው ብዙ አገር ቤት አልቆዩም። በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በፓሪስና በጄኔቭ ተቀመጡ። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ናት። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። በጄኔቭ የኢትዮጵያን አቤቱታ ይዘው የቆሙት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ታኅሣሥ 5 ቀን ለማኅበሩ አሳወቁ፤ ታኅሣሥ 25 ቀን ደግሞ ጉዳዩ በምክር ቤቱ እንዲታይ በማኅበሩ ቃል ኪዳን 11ኛ አንቀጽ መሠረት ጠየቁ። ለወራት ነገሩ በሽምግልና ስም ሲጎተት ጣሊያን በምጽዋና በሞቃዲሾ ወደቦች ወታደር እያራገፈች ነበር።

ነሐሴ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያኑ ባሮን አሎዚ በምክር ቤቱ ፊት ኢትዮጵያ ባርነት ያለባት፣ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር የማትቀመጥ አገር ናት የሚል ዶሴ አቀረበ። ይህ ክስ ተክለ ሐዋርያትን እንዴት እንደቆረጣቸው መገመት አያቅትም። ባርነት በአገራችን ነበረ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሳሹ ነፃ ሊያወጣ የመጣ አይደለም። በማግስቱ ለኢትዮጵያ የቆሙት ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ መናገር ሲጀምሩ አሎዚ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ፕሮፌሰሩም ኋላ ፓሪስ ውስጥ የቀኝ አክራሪ ተማሪዎች በክፍላቸው እየረበሹ ማስተማር ከለከሏቸው። ለእኛ የተሟገተ ሰው የከፈለው ዋጋ ስለሆነ መጥቀሱ ተገቢ መሰለኝ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ተሻገረች። መስከረም 26 ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን አወቀ። በወረቀት ላይ ኢትዮጵያ አሸነፈች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የዓድዋ ልጅ፣ መድፍ የሚያውቅ መኮንን፣ አሁን በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነበር። እኛ ስለ ጄኔቭ ስናስብ ትዝ የሚለን ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያደረጉት ንግግር ነው። እሱ የመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አገሪቱ ገና ሳትያዝ በፊት፣ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ጦርነቱን ማስቆም ይቻል በነበረበት ጊዜ፣ በዚያ አዳራሽ ቆመው የተሟገቱትን ሰው የምናስታውስ ጥቂት ነን። ሽማግሌው ዱላቸውን ባይዘረጉ ኖሮ እኔም ከማያስታውሱት ነበርኩ።

ተክለ ሐዋርያት አውሮፓ አልቀሩም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ወደሚያውቁት ጨርጨር ወረዱ። ጊዜው ግን አልቆ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሱ፤ በኛ በድሬዳዋ በኩል አልፈው ጅቡቲ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን ባዶልዮ አዲስ አበባ ገባ። ግንቦት 1 ቀን የግራዚያኒ ጦር በሐረር በኩል ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣውን የባዶልዮን ጦር እዚሁ አገኘው። ከሰሜንና ከደቡብ የተነሱት ሁለት የወራሪ ጦሮች የተጨባበጡበት ጣቢያ ከቀፊራ ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ላይ ነው። በልጅነቴ ስንት ጊዜ በዚያ በኩል እንዳለፍኩ አላውቅም፤ ይህንን የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት የንጉሠ ነገሥቱን መውጣት ተቃወሙ። የንጉሡ ቦታ ከሠራዊቱ ጋር ነው የሚል አቋም ነበራቸው። ልብ በሉ፤ ከአምስት ዓመት በፊት የአገሪቱን ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ የሚያደርግ ሕግ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያ ሰው ልሄድ ነው ሲል ሂድ ወይም ቅር የሚል ሥልጣን ያለው ምክር ቤት አልነበረም፤ አልተጻፈምና። ይህ ነገር በኋለኛ ዘመናቸው እንቅልፍ ይነሳቸው እንደነበር መጠየቅ ብችል ኖሮ ከሁሉ በፊት የምጠይቃቸው ይህንን ነበር።

ከዚያ የስደት ዘመን መጣ። ጅቡቲ፣ ኤደን፣ በመጨረሻም ማዳጋስካር። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ፣ ስደተኞች ሁሉ ወደ ሹመት ሲጎርፉ፣ ተክለ ሐዋርያት አልተመለሱም። የመጡት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1940ዎቹ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ትላልቅ ቢሮ አልያዙም። ሂርና ገብተው እርሻ ጀመሩ። ያ በወጣትነታቸው ከመድፍ ዞረው የተማሩት ሙያ አሁን መኖሪያቸው ሆነ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት የአርአያ ደራሲ ሆነው በመንግሥት ከፍተኛ ሹመት ላይ ሳሉ፣ አባትየው በጨርጨር ተራሮች ላይ ገበሬ ነበሩ። ሂርና ከድሬዳዋ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከዚያ አካባቢ የሚወርደው ምርት ዛሬም ወደ ምሥራቁ ገበያዎች ይመጣል።

በእርሻቸው ሳሉ የጻፉት ምክር ቤት ሲያድግም ሲፈርስም አዩ። የ1949ኙን ምርጫ አዩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውም ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ባለ ርስቶቹን በሕግ ለመያዝ እሳቸው የጀመሩት ነገር በአንድ አዋጅ በሌላ መንገድ አለቀ፤ እሳቸውም ያኔ ባለ እርሻ ናቸው። በ1969 ዓ.ም.፣ በከተሞች ቀይ ሽብር በተጀመረበት ዓመት፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸው አረፉ። ከዓድዋ ዘማቾች መካከል እስከዚያ ዘመን የቆዩ ብዙ የሚኖሩ አይመስለኝም።

የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ትተዋል። ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ) በሚል ርዕስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት በኋላ። ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ለራሳቸውም ለሌላውም አይራሩም። የሚያደንቁትን ያደንቃሉ፤ የሚንቁትን በግልጽ ይንቃሉ። አንዳንዴ የሚያበሳጩ ሰው ናቸው። ሁሉን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም የሚሉ ይመስላል፤ ምናልባትም በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ እውነታቸው ነበር። ለሕግ ተማሪ ሁሉ ከፈተናው በፊት መነበብ የነበረበት መጽሐፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ወር ድሬ ስሄድ አንድ ቅጂ ይዤ ነበር። ቀፊራ ገብቼ ያንን ሻይ ቤት ፈለግሁ። ባለ ሻዩ አስታወሰኝ። ሽማግሌው ግን አልነበሩም፤ ዓይናቸውን እያመማቸው ስለሆነ ከቤት መውጣት ቀንሰዋል አለኝ። መጽሐፉን ለእሳቸው እንዲሰጥ ትቼለት ልወጣ ስል አስቆመኝና፣ ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው ታነብላቸው እንደሆነ ሊጠይቅልኝ ቃል ገባ።